ነርስነቴን ትቼ አስተዳደር ቢሮ ልግባ? ድሬና ሐረር ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ

የሳቢያኗ ጻፈች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ነርስ ነኝ፣ ድሬ። ሥራ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዲፕሎማ ገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ ጀመርኩ፣ ከዚያ ዲግሪዬን ይዤ ከተማ ገባሁ፣ አሁን ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። በመሃል ቅዳሜና እሁድ እየተማርኩ በፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርሴን ያዝኩ። ሰው «ለምን ይሄን ተማርሽ?» ሲለኝ «ዝም ብዬ» እላለሁ። ዝም ብዬ አልነበረም፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ወር ከከተማ አስተዳደሩ ቢሮዎች አንዱ ማስታወቂያ አወጣ። የአገልግሎት አሰጣጥና የቅሬታ ጉዳይ የሚከታተል ባለሙያ። ተወዳደርኩ። ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አለፍኩና «ነይ ደብዳቤሽን ውሰጂ» ተባልኩ። ይኸው እግሬ አልሄድ ብሎኛል።

አንደኛ ብር። የቢሮው ደመወዝ በወረቀት ላይ ከኔ ትንሽ ይበልጣል፣ ግን ዲዩቲ፣ የተረኝነት ክፍያ ማለቴ ነው፣ የለውም። የዲዩቲዬን ስደምረው ቢሮው ያንሳል። ሁለተኛ እናቴ። ሰፈር ውስጥ ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው የሚንኳኳው የኛ በር ነው፣ እሷ ደግሞ «ሲስተር አለች?» ሲባል ደስ ይላታል። «አሁንስ ምን ብለው ሊጠሩሽ ነው? ባለሙያዋ አለች ወይ ሊሉ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ለምን እንደተማርኩት። በ2011 ክረምት ችኩንጉንያ ሲገባ ድሬ የነበረ ሰው ያውቀዋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የታመመው። ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ፣ ጎብጦ፣ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚመጣው። እኛም ታመናል፤ ጣቴ አልታጠፍ ብሎኝ መርፌውን ጓደኛዬ ትወጋልኝ ነበር። መድኃኒት የለው፣ ፓራሲታሞል ሰጥተን ፈሳሽ ጠጡ ብለን እንሸኛለን። እሱ አለፈ ስንል በ2014 ወባ ተነሳ፣ ያውም በበጋ። በጋ ላይ ወባ ምን ይሠራል? ስንባባል ቆይተን ነው በኋላ የተነገረን፤ ስቴፈንሲ የምትባል አዲስ ትንኝ ናት፣ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ መሃል በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። የችኩንጉንያዋም ትንኝ ብትሆን፣ ዘሯ ሌላ ይሁን እንጂ፣ የምትፈለፈለው እዚያው የተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው።

ያን ሰሞን አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን በየተራ አመጣችልኝ። ሦስተኛውን ስታመጣ ትንሽ ተቆጣሁና «በርሜልሽን ክደኚ አላልኩሽም?» አልኳት። «ሲስተር፣ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በርሜል ባልሞላ ምን ልንጠጣ ነው? ክዳኑንስ ማን ሰጠኝ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበላት? ትኩሳቱ ከበርሜሉ ነው፣ በርሜሉ ከውሃ ፈረቃው ነው፣ ፈረቃውን የሚወስነው ሰው ደግሞ ድንገተኛ ክፍል መጥቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዘገብኩ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ አላችሁ? ቆጫችሁ? የሙያ ፈቃዴስ ምን ይሆናል? እውነቱን ንገሩኝ፣ ማባበል አልፈልግም።

አቦ_ተወው መለሰ፦

አቦ ምን ታስቢያለሽ ግቢ! ቢሮ ማለት እኮ ኤሲ ነው። በድሬ ሙቀት ጓንት አድርገሽ ከመዋል ይሻላል። ማታ ደግሞ ቤትሽ ታድሪያለሽ።

ፋይል_ጠባቂ መለሰ፦

ኤሲው ያለው ኃላፊው ክፍል ነው ወንድሜ። እኛ ጋ ማራገቢያ ነው፣ እሱም መብራት ሲኖር።

እህቴ፣ እኔ ሰው ሀብት ላይ ነው የምሠራው፣ ነርስ አይደለሁም፣ ስለ ስሜቱ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ፤ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በወረቀት ነውና።

መጀመሪያ ደብዳቤው ምን እንደሚል እይ። ዝውውር ነው ወይስ አዲስ ቅጥር? ብዙ ሰው በደስታ ይሮጥና የሥራ መልቀቂያ አስገብቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ፣ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ይቀጠራል። አዲስ ቅጥር ከሆነ የሙከራ ጊዜ አለው፤ አልተስማማችሁም እንበል፣ የድሮ መደብሽ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ዝውውር ከሆነ ፋይልሽ ካለሽበት ወደ አዲሱ ይሄዳል፣ አገልግሎትሽም ሳይቆረጥ ይቀጥላል። ዘጠኝ ዓመት ነው ያልሽው አይደል? የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ከደመወዝሽ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ያ ሁሉ በማይረባ ክፍተት እንዳይንገላታብሽ ቀኖቹ እንዲገጣጠሙ አድርጊ። የለቀቅሽበት ቀንና የጀመርሽበት ቀን ማለቴ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲግሪሽን ስታሻሽዪ ማን ከፈለ? መሥሪያ ቤትሽ ከሆነ የፈረምሽው ግዴታ ይኖራል። ያንን ሳትጨርሺ ብትወጪ ወይ ያስከፍሉሻል ወይ ክሊራንሱን ይይዙብሻል። ውሉን ፈልጊው፣ ከየትም ቆፍረሽ አውጪው።

ሦስተኛ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ ያለው ቃል። «በነርስነት አገልግላለች» ብቻ ከተባለ፣ ነገ ቢሮ ውስጥ ለቡድን መሪነት ስትወዳደሪ «አግባብነት ያለው ልምድ አይደለም» ብለው ዘጠኙን ዓመት ዜሮ ሊያደርጉብሽ ይችላሉ። ፈረቃ አስተባብረሽ ከሆነ፣ የዋርድ ኃላፊ ከነበርሽ፣ መድኃኒት ቆጥረሽ ተረክበሽ ከሆነ፣ ሪፖርት ሠርተሽ ከሆነ፣ ሁሉም ይጻፍ። አሁን እዚያው እያለሽ አስጽፊው። ከወጣሽ በኋላ ማን ይጽፍልሻል?

አንድ የመጨረሻ። መደቡ በውድድር የተገኘ ነው ብለሻል፣ ጥሩ። ነገ ተነስተው «በውክልና ኃላፊ ሁኚ» ወይም «ሹመት አለ» ሲሉሽ ግን ቆም በይ። ሹመት በአንድ ደብዳቤ ይመጣል፣ በአንድ ደብዳቤ ይነሳል።

የደቻቱ_ሲስተር መለሰች፦

ልጄ፣ በስልክ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ። አንቺ የምትጠይቂውን መንገድ ሄጄዋለሁ።

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ነርስ ነበርኩ። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው፣ ታች ያለው ሰው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። የመጀመሪያውን ቀን ቁስል ስናጥብ ዋልን፤ ስለሱ ባልጽፍ ደስ ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ግን መጠለያው ውስጥ ሰው ስለ ቁስሉ መጠየቅ ተወ። «ሲስተር፣ ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ?» ነው የሚሉኝ ሁሉም። ዱቄቱም ብርድ ልብሱም በዝርዝር ነዋ። ዝርዝሩን የሚይዘው አንድ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ደህና ሰው ነው፣ ግን እሱም ቤቱ ውሃ ገብቶበታል፣ ሦስት ሌሊት አልተኛም። አንዱ ስም ሁለቴ ተጽፏል፣ ሌላው ጭራሽ የለም። አጠገቡ ተቀመጥኩና ዋርድ ውስጥ እንደምንሠራው አደረግኩት። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ካርድ። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ አቅመ ደካማ ያለበት ካርድ ላይ ቀይ ምልክት። ቀዩ ይቅደም። ሌላ ጥበብ የለውም። ማታ ላይ ጸሐፊው «ሲስተር፣ እዚህ ብትቀሪ ምን አለ?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ጤናው ዘርፍ ውስጥ ወደ ቢሮ ሥራ ገባሁ፣ ከዚያ ወደ አስተዳደሩ።

ቆጨሽ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ቆጭቶኛል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ደግሞ ቢሮ ውስጥ «ተሻለኝ፣ እግዜር ይስጥሽ» የሚልሽ የለም። የፈታሽለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ያልፈታሽለት ግን ነገም ከነገ ወዲያም ይመጣል።

ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ነርስ የምታውቀውን ቢሮው አያውቀውም። ርክክብ እንበል። ዋርድ ውስጥ ፈረቃ ስንለዋወጥ አልጋ በአልጋ እየሄድን እንረካከባለን፦ ይሄ እንዲህ ሆኖ አደረ፣ ለዚህ ይሄ ቀርቶታል። ቢሮ ውስጥ ባለሙያው ፈቃድ ሲወጣ ጉዳዩም አብሮት ፈቃድ ይወጣል። «ባለሙያው የለም፣ ሰኞ ተመለሱ።» ከገጠር ቀበሌ ተሳፍረው ለመጡ ሽማግሌ ሰኞ ተመለሱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገጠር ጤና ጣቢያ ስለሠራሽ ታውቂዋለሽ። እኔ አንድ ደብተር አስገባሁ፣ የርክክብ ደብተር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ፈቃድ የሚወጣ ሁሉ በእጁ ያለውን ጉዳይ ጽፎ፣ የት እንደደረሰ ነግሮ፣ አስፈርሞ ይወጣል። ስድስት ወር ሙሉ አኮረፉኝ። «ሆስፒታል አደረገችው እኮ» ይሉኝ ነበር። አሁን ግን ደብተሩ የማን ሐሳብ እንደነበር የሚያስታውስ የለም፣ ይሠሩበታል።

ሰልፉንም እንዲሁ። ከሩቅ የመጣ፣ ሕፃን ያዘለች፣ መቆም የማይችል ይቅደም አልኩ። በማግስቱ «ዘመዶቿን ታስቀድማለች» ተባለ። ስለዚህ በትልቁ አስጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ድንገተኛ ክፍል ማን ቀድሞ እንደሚገባ ማብራራት የለብሽም፣ ደሙ ራሱ ይናገራል። ቢሮ ውስጥ ደም አይታይም፣ ስለዚህ መለጠፍ አለብሽ።

ደግሞ ቋንቋሽ። በኦሮምኛ «ኤሳ ሲ ዹኩባ?»፣ የት ያምሻል፣ ማለት ከቻልሽ፣ ሶማሊኛም ትንሽ ከተናገርሽ፣ መስኮቱ ላይ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ብራዘር_ጀጎል መለሰ፦

ከሐረር ነኝ። እኔ ደግሞ ሄጄ የተመለስኩ ነኝ፣ የኔንም ስሚ።

ነርስ ነኝ፣ ወንድ ስለሆንኩ ሰው «ዶክተር» ይለኛል፣ ማረም ሰልችቶኛል። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ ስሙን አልጠራም። ከአንቺ ጋር የሚመሳሰል መደብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደም ግፊት መለኪያዬን ከቤት አምጣ ተባልኩ። ቀልድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ፋይናንሱም ግዢውም ሾፌሩም እጁን ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ጋ ይሰለፋል። «አንተማ ባለሙያ ነህ» ይሉኛል። ለሥራዬ ግን ማንም ባለሙያ አላደረገኝም።

ያስወጣኝ ግን እሱ አይደለም። የወሩን ሪፖርት ሠራሁ። 37 ቅሬታ ቀረበ፣ 9 ተፈታ ብዬ ጻፍኩ፣ እውነቱ ያ ነበር። አለቃዬ አየውና «ዘጠኝ ብቻ ተብሎ ይላካል እንዴ? አስተካክለው» አለኝ። እንዴት ነው የማስተካክለው? ቅሬታዎቹን ልፍታ? «አይ፣ ቁጥሩን» አለኝ። እኔ እኮ ሙቀቱ 39 የሆነ ሕፃን ካርድ ላይ 37 ብዬ ብጽፍ ልጁ ይሞትብኛል። ቢሮ ውስጥ 9ን 31 ብትዪው የሚሞት ሰው አይታይሽም፣ ለዚህ ነው የሚቀላቸው። አልጻፍኩም። ከዚያ በኋላ ስብሰባ አልጠራም፣ ሥልጠና አልላክም፣ አበል ያለው ነገር ሁሉ ለሌላ ሰው ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ወጣሁ።

መመለሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። የሙያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎበታል። ማደሻው ተከታታይ የሙያ ሥልጠና ይፈልጋል፣ ሲፒዲ የምንለውን፣ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት አንድም አልወሰድኩም። ወራት ፈጀብኝ። ስለዚህ ብትገቢም ባትገቢም ፈቃድሽን አታሳልፊ። ሥልጠናው ሲመጣ በዓመት ፈቃድሽም ቢሆን ሂጂ።

አሁን ዋርድ ነኝ። ይደክመኛል፣ ግን ተራዬን ጨርሼ ስወጣ ጨርሼ ነው። ቢሮ ላይ ነገሩ አያልቅም፣ ቤትሽ ይዘሽው ትገቢያለሽ።

የደቻቱ_ሲስተር መለሰች፦

ወንድሜ ብራዘር፣ ያልከው አንድም ውሸት የለበትም። እኔንም «አስተካክዪው» ብለውኛል፣ አንዴ ብቻ አይደለም።

እንዲህ አደረግኩ። ዋርድ ውስጥ ሐኪም በቃል ያዘዘውን ካርድ ላይ ካልጻፈውና ካልፈረመበት እንዲፈርም እናስታውሰው የለ? እዚያም «እሺ ጌታዬ፣ በጽሑፍ ይስጡኝና አስተካክላለሁ» አልኩ። በትሕትና፣ ድምፄን ሳላነሳ። በጽሑፍ የሰጠኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ግን ዋጋውን ልደብቃት አልፈልግም፤ ከኔ በኋላ የገቡ ልጆች ቡድን መሪ ሲሆኑ እኔ ስንት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ «አፍሽን ብትይዢ ምን አለ» እያለኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስትመረቂ ነጭ ለብሰሽ ሻማ ይዘሽ የናይቲንጌልን ቃለ መሐላ ገብተሽ የለ? ሁላችንም ገብተናል። ሴትዮዋ፣ ሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኛ ትጎበኝ የነበረችው እንግሊዛዊት ነርስ፣ ከክራይሚያ ጦርነት ስትመለስ ዕድሜዋን የጨረሰችው አልጋ ዳር አልነበረም። ቤቷ ተቀምጣ ቁጥር ስትደምር፣ ለመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት ስትጽፍ ነው የኖረችው። ወታደሩ ከጥይቱ ይልቅ በበሽታና በቆሻሻ እያለቀ መሆኑን በሥዕል አድርጋ አሳየቻቸው። ፋኖሷን እንጂ ያንን ሥዕል ማን አስተማረን?

ብራዘር_ጀጎል መለሰ፦

ሲስተር፣ እርስዎ ታግሰው ቆይተዋል፣ ያስከብርዎታል። እኔ ትዕግሥቱ አልነበረኝም። ናይቲንጌል ግን ከሀብታም ቤት ነው የተወለደችው፣ የቤት ኪራይ አላሰባትም 😄

አቦ_ተወው መለሰ፦

ያ ጀመዓ እኔ በኤሲ ጀምሬ እንግሊዝ ደረስን?

ፋይል_ጠባቂ መለሰ፦

ለብራዘር፣ ያ የቁጥር ነገር እውነት ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ለልጅቷ ግን፣ ቅሬታ ላይ ከሆንሽ የመጣውን ሁሉ ራስሽ መዝግቢ፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን፣ ለማን እንደመራሽው። ኮፒው ፋይል ላይ በቁጥር ይግባ። መዝገብ ቤት ቁጥር የተሰጠውን ወረቀት ማንም በቃል አያስተካክለውም።

የሳቢያኗ መለሰች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሌሊት ዲዩቲ ላይ ነው ያነበብኩት፣ ሁለቴ።

ፋይል ጠባቂ፣ ውሉን ቆፍሬ አወጣሁት። ዲግሪውን መሥሪያ ቤቴ ነበር ያስተማረኝ፣ ግዴታዬን ግን ባለፈው ዓመት ጨርሻለሁ፣ ደብዳቤ አጽፌበታለሁ። ማስተርሱን በራሴ ነው የከፈልኩት። መልቀቂያ ላስገባ ነበር፣ አቁሜዋለሁ። በዝውውር ይሁንልኝ ብዬ ለሁለቱም ጽፌያለሁ። የልምዱን ደብዳቤም ማትሮኗ፣ የነርሶች ኃላፊያችን፣ «ምን ምን ይግባ?» ብላ ራሷ አስቀምጣ ጻፈችልኝ፣ ክፉ ትመስለኝ ነበር እኮ።

ብራዘር፣ የሚቀጥለው ወር ሥልጠና ላይ ተመዝግቤያለሁ። ፈቃዴን አላሳልፍም። አስተካክዪው ሲሉኝ ምን እንደማደርግ ግን እውነቱን ለመናገር አላውቅም። «በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት እዚህ መጻፉ ይቀላል።

ሲስተር፣ የርክክብ ደብተሩን ልሰርቅዎት ነው። ከፈቀዱልኝ አንድ ቀን መጥቼ ባየው ደስ ይለኛል፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። እናቴም ስለ 1998ቱ ያሉትን ሳነብላት ዝም አለች፣ ከዚያ «እሷም ሲስተር ነው የምትባለው አሁንም?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ከዲዩቲ ወጥቼ በዚያው ስለ ዝውውሩ ልጠይቅ ቢሮው ሄጄ ነበር። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ስሜን ፋይሉ ላይ አየችና ቀና አለች። «አንቺ ነሽ ነርሷ?» አለችኝ። አዎ ስላት በሩን ገፋ አድርጋ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ክንዷ ላይ ሽፍታ ወጥቶባታል።

ብራዘር፣ ገና ሳልገባ 😂

የደቻቱ_ሲስተር መለሰች፦

ነይ ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ደብተሩን አሳይሻለሁ፣ የመጀመሪያው አሁንም አለ፣ ሽፋኑ ተቀዷል። ሽፍታውን ምን አልሻት?

የሳቢያኗ መለሰች፦

ሙቀት ነው። ጥጥ ልበሺ አልኳት።